መሃል ላይ ትቆማለች ያልኳት ጀልባ

በደርግ ዘመን አዳማ ውስጥ በአንድ የአውቶቡስ ጋራዥ ጎሚስታ ነበርኩ። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። በሁለት ዓመት የለጠፍኩት ጎማ ቢደረደር አሰብ ደርሶ ይመለስ ነበር፤ የተረፈውን ለጂቡቲ እናበድራለን። ልቤ ያለው ግን ከግቢው ማዶ፣ ሰማያዊ በር ካላት የኤሌትሪክ ክፍል ነበር።

የዚያች ክፍል ኃላፊ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሦስት ጊዜ ወደ እርስዎ ክፍል ያዛውሩኝ ብዬ ለምኛቸው ሦስቴም እምቢ ብለውኛል። በሦስተኛው ምክንያቱን ነገሩኝ።

«እጅህ ጥሩ ነው፤ የማይሆነኝ አፍህ ነው። ቆቃ ላይ ጉማሬ አውቶቡሳችንን ከኋላ ገፍቶ አስነሳልን ብለህ ግማሹን ሠራተኛ አሳምነሃል። ኮረንቲ ቀልድ አያውቅም። አንድ ቀን 'ይሄ ሽቦ ሞቷል' ብለህ ሰው ታስቀብረኛለህ።»

ጉማሬው በእርግጥ ገፍቶን አያውቅም። አይቶን ግን ነበር፤ ያየንም በትብብር መንፈስ ነው።

በዚያው ሰሞን ከጋራዡ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ የልጁን መጫወቻ መኪና ትቶልኝ ሄደ። ጎማዎቿ ወልቀዋል፤ በሬዲዮ የምትታዘዝበት ሳጥን ግን ደህና ነው። ሳጥኑ አንቴናና ሁለት መግፊያ አለው። እኔም ሁለቱን መግፊያዎች ሳይ ሁለት ሞተር ያላት የእሽቅድምድም ጀልባ ታየችኝ። ኤሌትሪክ መሥራት እንደምችል ጋሼን በአፌ ማሳመን ካቃተኝ በውሃ ላይ አሳምናቸዋለሁ አልኩ።

የሠራኋት ጀልባ ርዝመቷ ሁለት ክንድ ነው። ሆዷ ጠፍጣፋ፣ አፍንጫዋ ቀና ያለ፤ የተሠራችውም ከእቃ ሳጥን ጣውላ። መሪ የላትም። የግራው መግፊያ የግራውን ሞተር፣ የቀኙ የቀኙን ያዛል፤ ወደ ቀኝ ለመዞር ቀኙን ማቆም ነው። ጥማድ በሬ ሲታረስበት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገውም፤ አንዱን ስትይዘው ሌላው ያዞረዋል። የመጫወቻው ኮረንቲ ትልልቅ ሞተር ማዞር ስለማይችል፣ በትንሽ ኮረንቲ ትልቁን የሚያበሩ ሁለት ሪሌዎች ከአውቶቡስ ጥሩምባ ፈትቼ በመካከል አስገባሁ። ባትሪው የሞተር ብስክሌት ነው።

በመጀመሪያ ያገኘኋቸው ሞተሮች አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነበሩ። በሬና አህያ እንደመጥመድ ነው፤ የተቀደደ ጎማ በምፈትሽበት የውሃ ገንዳ ውስጥ ጀልባዋ ዞራ ዞራ እኔኑ አጥወለወለችኝ። በኋላ ከአንድ የተጣለ አውቶቡስ ማሞቂያ ውስጥ መንታ ማራገቢያ ሞተሮች አገኘሁ። በአዳማ ሙቀት የአውቶቡስ ማሞቂያ የከፈተ ሹፌር ስላልነበረ እንደ አዲስ ነበሩ። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ሲዞሩ ጀልባዋ ወደ ጎን ትሳባለች፤ ስለዚህ የአንዱን ሽቦ ገልብጬ፣ ከዘይት ቆርቆሮ የቆረጥኩትን ፕሮፔለሩንም በተቃራኒው ጠመዘዝኩት። የጣውላውን መገጣጠሚያ ሰምና ሞራ አንድ ላይ አቅልጬ ሞላሁት። ሦስት ቀን ገንዳው ውስጥ ትቻት ጠብታ አላስገባችም።

ጋሼ አንድ ቀን ገንዳው ዘንድ መጡና ዝም ብለው አዩዋት። እኔ መቼ ዝም ልል! ሶደሬ ትልቁ መዋኛ ላይ ሦስት ጊዜ ደርሳ ትመለሳለች፤ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ተወልዶ ያደገውን፣ ከዓሣ ጋር በስም የሚተዋወቀውን ሹፌራችንን ሳይቀር ትቀድማለች አልኳቸው።

«ለሠራተኞች ቀን ሶደሬ መሄዳችን አይቀርም» አሉኝ ጋሼ። «እዚያ ከመነሳቷ በፊት ምን እንደምታደርግ በሰው ፊት ትነግረኛለህ። ያልካትን ካደረገች ሰኞ እኔ ጋ ትገባለህ። ካላደረገች ጡረታህ እስኪደርስ ጎማ ትለጥፋለህ፤ ሁለተኛም አትጠይቀኝም።»

ቀኑ ደረሰ። ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ሶደሬ ወረደ። የጓድ ሥራ አስኪያጁ ንግግር ከመርዘሙ የተነሳ ጦጣዎቹ እንኳ ከዛፍ ወርደው ምሳችንን ሰርቀው በልተው፣ ተኝተው ተነሱ። እኔ ጀልባዬን ለሙከራ መዋኛው ዳር ውሃው ላይ አስቀመጥኳት። ትንሽ ቆይቶ ዙሪያዋን እንደ ወጥ ቅባት የሚያብለጨልጭ ነገር ሲንሳፈፍ አየሁ። እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ።

ሙቅ ነው።

ሶደሬ ፍል ውሃ መሆኑን የማያውቅ የአዳማ ልጅ የለም፤ ጡት የሚጠባውም ያውቃል። እኔም መቶ ጊዜ ታጥቤበታለሁ። ያን ሁሉ ሰምና ሞራ ስሞላ ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። ጀልባዋን ሳወጣት መገጣጠሚያዋ እንደ ለጋ ቅቤ በጣቴ ይዛቃል።

ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ። የጎማ ዕቃዬ ሁሌም ከመቀመጫው ሥር አለ። ሰሙን ጠርጌ፣ ጣውላውን በሞረድ ፍቄ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቀጭን ቀጭን ቁራጭ እየቀደድኩ በጎማ ሙጫ መለጠፍ ጀመርኩ። የቀኙን ጎን ጨረስኩ። ግራውን ሳጋምስ ጠሩኝ። ሹፌሩ ከጀልባዋ ጋር በዋና ሊሽቀዳደም ቁምጣ ለብሶ ቆሟል። ሰው መዋኛውን ከቧል።

ጋሼ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ «እሺ፣ ምን ታደርጋለች?» አሉኝ።

ሁሉም ጆሮውን ቀስሮ ከት ብሎ ለመሳቅ ተዘጋጅቷል። እኔ ደግሞ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ስሌት በጭንቅላቴ ሠራሁ፤ ከግራው ጎን በዚህ ፍጥነት ውሃ ከገባ የግራው ሞተር የሚሰጥመው የት ላይ ነው?

«እስከ መሃል ትቀድመዋለች። መሃል ላይ የግራው ሞተር ውሃ ይገባበትና ትቆማለች። ማዶ አትደርስም።»

«ማል ጄቴ?» አሉኝ ጋሼ። ምን አልክ ማለታቸው ነው፤ ሲደነግጡ ኦሮምኛቸው ይቀድማል። ደገምኩላቸው። ከኋላዬ አንዱ መካኒክ ልጁን ፀሐይ መትቶታል፣ ጥላ ሥር አስተኙት አለ።

ፉጨት ተነፋ። ሹፌሩ ዘሎ ገባ፤ እኔም ሁለቱንም መግፊያ ገፋሁ። ጀልባዬ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ስትወነጨፍ ከኋላዋ የተረጨው ውሃ፣ ውሸቴን ካልሆነ፣ መርቲ ያለውን የብርቱካን እርሻ አጠጥቷል። ሰው ያብዳል። መሃል ደረሰች።

አልቆመችም።

ቁሚ አልኳት በሆዴ። የኔ እናት፣ በናትሽ ቁሚ። ትንሽ ወደ ግራ አዘነበለች፤ ደስ አለኝ፤ ተመልሳ ቀና አለች። በዚች ምድር ላይ የገዛ ጀልባው እንድትሰምጥ የተሳለ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። አውራ ጣቴን ብድግ ባደርግ ግን ያበቃለታል፤ ትቆማለች፣ ያልኩትም ይሆናል፣ ማንም አያውቅም። ቀና ስል ጋሼ ጀልባዋን አያዩም። የሚያዩት አውራ ጣቶቼን ነው።

አላነሳሁም። ጀልባዋ ሄዳ ሄዳ የማዶውን ግንብ በአፍንጫዋ ገጨች። ሹፌሩ ከኋላዋ ሁለት ክንድ ቀርቶት ነበር። ሠራተኛው ትከሻው ላይ አወጣኝ፤ እኔ እዚያ ላይ ሆኜ ጡረታዬን እቆጥራለሁ። ሹፌሩ እያለከለከ ወጥቶ ፊቴን ሲያይ «የተሸነፍኩት እኔ፣ ለቅሶ የተቀመጥከው አንተ?» አለኝ።

ጋሼ ጀልባዋን አወጡና ክዳኗን ከፈቱ። ግራው ጎን ውሃ ይዟል። ጣታቸውን ከውሃው እስከ ሞተሩ ለኩ።

«አንድ ጣት ቀርቶት ነበር» አሉ።

«ተሳስቻለሁ ጋሼ» አልኩ። ሙጫዬ ሙቀት ላይ የበለጠ እንደሚይዝ ከስሌቱ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር፤ ያን የሚያህል ጎማ የለጠፍኩ ሰው!

«ተሳስተሃል።» እጃቸውን በመሃረባቸው አደረቁ። «ኮረንቲ ያለውን ሽቦ ሞቷል የሚል ሰው ይገድላል። የሞተውን ሽቦ ኮረንቲ አለው የሚል ግን እስካሁን ማንንም ሲገድል አላየሁም። ሰኞ በጊዜ ና።»

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ሰማያዊው በር ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት፣ ይሄ ሽቦ እንዴት ነው ሲሉኝ መልሴ አንድ ብቻ ነው፤ ኮረንቲ አለው። የተነቀለውም አለው፣ መሬት የወደቀውም አለው። ሥራ ሊቆም ምንም አልቀረው። በመጨረሻ ጋሼ ሻይ ሊያማስሉ ማንኪያ ሲያነሱ ኮረንቲ አለው ይጠንቀቁ ብያቸው ነው፣ የኮረንቲ መለኪያውን ሰጥተው አጠቃቀሙን ያስተማሩኝ።