የዛራ አሥራ አምስተኛ ጥያቄ

በረሃ ዳር ባለችው ዱዝ ከተማ፣ በእንስሳት ክሊኒኩ ሐኪሞች ይመጣሉ፣ ሐኪሞች ይሄዳሉ፤ ዛራ ግን ሃያ ስድስት ዓመት እዚያው ናት። ወለል ልትወለውል ገብታ በዚያው ቀረች። ሠላሳ ኪሎ ውሻ ያለማንም እርዳታ አንስታ ጠረጴዛ ላይ ታወጣለች፤ ወገቤን ማለት አታውቅም። መጀመሪያ ላይ የሰፈሩ ወንዶች «የሳሌም ልጅ ባል ብታጣ ውሻ አቅፋ ትውላለች» እያሉ ይስቁባት ነበር። ዛሬ እነዚያው ወንዶች ውሻቸው ሲታመም ሐኪሙን አልፈው እሷን ነው የሚጠሩት። ይህን ማንም እንዲረሳው አትፈልግም፤ የረሳ ካለም ራሷ ታስታውሰዋለች።

ባለፈው ዓመት ከስፋክስ ከተማ የመጣው ወጣቱ ዶክተር ኒዛር አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። አሥራ አራት ጥያቄ አለው። ውሻው በደንብ ይበላል? እንቅልፍ ይተኛል? ሲራመድ ያመዋል? ደስ ብሎት ይውላል? ባለቤቱ ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ አሥር ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ሲደመር የውሻው ኑሮ ኑሮ መሆን አለመሆኑ ይታወቃል። ወረቀቱ ጥሩ ነበር። ችግሩ የዱዝ ሰው ነው። የዱዝ ሰው አላህ የሰጠውን በሰው ፊት አያማም፤ ስሉጊውንማ ጨርሶ። ስሉጊ፣ ያ ቀጭኑ የበረሃ አዳኝ፣ ድንኳን ውስጥ ከልጆች ጋር ብርድ ልብስ እየተጋፋ የሚያድግ ውሻ ነው። እሱን ማማት የገዛ ልጅን ማማት ነው። ስለዚህ በሦስት እግሩ የሚያነክሰውም፣ ጥርሱ ያለቀውም፣ ሁሉም አሥር ከአሥር አገኘ።

«አክስቴ ዛራ፣» አለ ዶክተሩ ወረቀቶቹን እያገላበጠ፣ «እንዲህ ከሆነ ክሊኒኩን መዝጋት ነው እኮ! ከተማው ውስጥ የታመመ ውሻ የለም።»

«ስለ ጎረቤታቸው ውሻ ጠይቃቸዋ!» አለችው። «ያኔ ወረቀት አይበቃህም።»

የታኅሣሡ በዓል ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሐጅ ድዋው የሚባሉ ሽማግሌ ስሉጊያቸውን ሻህባን አስከትለው ገቡ። በበዓሉ ስሉጊዎች ሕዝብ ፊት ይሮጣሉ፤ ሻህባ አራት ጊዜ አሸንፋለች። አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሐጁ አንድ ጊዜ፣ የመጨረሻ፣ ትሩጥልኝ ብለው የሐኪም ፊርማ ሊወስዱ ነው የመጡት። ወረቀቱን ተቀብለው አሥራ አራቱንም በገዛ እጃቸው አሥር አሥር ሞሉት፤ በየመሃሉ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ሻህባም አላሳፈረቻቸውም። ዶክተሩ የእግሯን መገጣጠሚያ ሲጫነው አንገቷን ቀና አድርጋ ዝም አለች።

«ትንሽ ደረቅ ብሏል፤ እርጅና ነው» አለና ዶክተሩ እስክሪብቶውን አነሳ።

ዛራ ግን አንድ ነገር አይታለች። ሻህባ ከገባች ጀምሮ አንዴም አልተቀመጠችም። ከተቀመጠች አነሳሷ ያጋልጣታል። በዚህ እግሯ ከሮጠች ሜዳው ላይ እንደምትወድቅ ዛራ እርግጠኛ ነበረች። ይህን በቀጥታ ብትናገር ደግሞ ሐጁ ውሻቸውን ይዘው ይሄዱና ሌላ ፊርማ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሻይ ቀዳችላቸው።

«ሐጅ፣ ከመስጊድ ሲመለሱ ሻህባ የት ነው የምትቀበልዎት?»

«የት ትቀበለኛለች? መንገዱ ጫፍ ነዋ! ጠረኔን ገና ከገበያው ነው የምታውቀው።»

«ትናንትም?»

ሐጁ ብርጭቋቸውን አዞር አዞር አደረጉ። «ትናንት በር ላይ።»

«ቆማ?»

«ቆማ!» አሉ ቆጣ ብለው። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «አንቺ የሳሌም ልጅ፣ አባትሽም እንዲህ ሰው ያስለፈልፍ ነበር። መታጠፊያው ጋ ስደርስ እስላለሁ። ጮክ ብዬ። እሷ እስክትነሳ ትንሽ እቆማለሁ። ተኝታ ካገኘኋት ታፍራለች ብዬ ነው።»

«ስንቴ ይስላሉ?»

«ድሮ አንዴ ነበር። አሁን ሦስቴም አራቴም።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዛራ ከሻህባ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«እሷም እርስዎን ላለማሳፈር ነው የምትነሳው፣ ሐጅ። ስትተዛዘኑ እሷ እያመማት ነው። ሜዳ ላይ ከወደቀች ደግሞ ማንም አይስልላትም።»

ሐጁ የሻህባን አንገት ደባበሱ። «ሰው ምን ይለኛል?»

«አራት ጊዜ አሸንፋ ጡረታ ወጣች ይላል። ሌላ የሚል ካለ እኔ ጋ ይላኩት።»

ሐጁ ሳይወዱ ሳቁ። የሕመም ማስታገሻውን ይዘው ሄዱ። በበዓሉ ቀን ሻህባን በካባቸው ሸፍነው ከተመልካቹ ፊተኛው መስመር ላይ አስቀመጧት፤ ሯጮቹ ሲያልፉ ጆሮዋ ይቆም ነበር። ዶክተሩ ደግሞ «ሲመለሱ የት ይቀበልዎታል?» የሚል አሥራ አምስተኛ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ጨመረ። ለዚህኛው ማንም አሥር ብሎ አይመልስም፤ የቦታ ስም ነው የሚናገሩት፣ እውነቱም አብሮ ይወጣል። ዛራ አዲሱን ወረቀት ለመጣ ለሄደው ስታሳይ ሰነበተች፤ ደጅ ላለፈ ሁሉ ማለት ይቻላል።

በሚያዝያ ሐጁ ብቻቸውን መጡ። ወረቀቱን ጠይቀው ተቀበሉ፤ አሥራ አራቱን አልፈው ከመጨረሻው ጥያቄ ፊት ዜሮ ጻፉ። በዱዝ ሰው እጅ የተጻፈ የመጀመሪያው ዜሮ ነበር።

«እስከ ትናንት ተኝታም ቢሆን ጅራቷን ታወዛውዝልኝ ነበር» አሉ። «ዛሬ ቀናም አላለች። ቤት ኑልኝና አሳርፏት፤ እዚህ ድረስ በእግሯ አላመጣትም።»

ዛራ ዓይኗ እንባ አቅርሮ የሐኪሙን ቦርሳ አነሳች። ሃያ ስድስት ዓመት ስትኮራ ኖራለች፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርታ አታውቅም፣ በእኚህ ኩሩ ሽማግሌ። ከሐጁና ከዶክተሩ ጋር ሦስቱም ተያይዘው ሄዱ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ሐጁ በልማድ ቆሙ፤ ሳላቸውን ግን ዋጥ አደረጉት።

«ተኚ፣ ሻህባ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እመጣለሁ።»