ለጥሩዬ የተላከው ጥሪ

ባለፈው ወር የጥሩዬ አርባ ተዝካር ላይ ነበርኩ። ከጎንደር አራዳ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈሯ፣ ደጃፏ ላይ በተጣለው ድንኳን ውስጥ፣ ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ማዕዱ ሲቀርብ ሰዉ ወደ ወሬ ገባ። ወሬው ሁሉ ስለ እሷ ነበር። አንዱ «ለልጄ እናቱ ነበረች» ይላል። ሌላዋ «ትዳሬን ያቆመችልኝ እሷ ናት» ትላለች። አንድ ሽማግሌ «እንደ እሷ ያለ ሰው ድጋሚ አይወለድም» ብለው እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔም እንጀራዬን እየጠቀለልኩ ሳዳምጥ አንድ ነገር ተሰማኝ። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩት፤ ቅናት ነው። ሰው በሞተ ሰው ይቀናል? እኔ እቀናለሁ።

አጠገቤ ደብሬ ተቀምጣ ነበር። ደብሬ ዛሬ እዚሁ ጎንደር አስተማሪ ናት። እትዬ መሠረት ትለኛለች፤ ለበዓል ያለ እኔ ዳቦ አትቆርስም። ወደ ተዝካሩ የመጣችው ግን ለጥሩዬ ብላ ሳይሆን እኔን ብቻዬን ላለመተው ነው። ጥሩዬን አትወዳትም ነበር። ለምን እንደማትወዳት ለመናገር በስሜን ደጋ ወዳለችው መካነ ብርሃን፣ ወደ ሃያ አራት ዓመቴ መመለስ ይኖርብኛል።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ኮሌጅ ጨርሼ፣ በደጋው አገር የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተል አንድ ትንሽ ድርጅት ሲቀጥረኝ፣ በንጋት ከጎንደር ተነስቼ ወለቃን ሳልፍ መንገድ ዳር የተደረደረውን ሸክላ እያየሁ «መቼ ነው የምመለሰው?» እል ነበር። ከደባርቅ ወዲያ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ከሁለት ሰው ጋር ተጣብቄ ነው የሄድኩት። ጅብራ የሚሉት ረጅሙ የደጋ ተክል ጉም ውስጥ ቆሞ ይታያል። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። መካነ ብርሃን ደርሼ መጀመሪያ የቀመስኩት ምግብ ትኩስ ድንች በስናፍጭ ነበር፤ ስናፍጩ ዓይኔን ሲያስለቅሰኝ ያየችኝ አንዲት ወጣት ሴት ከት ብላ ሳቀችና «እንኳን ደህና መጣሽ፤ ገና ታለቅሻለሽ» አለችኝ። ጥሩዬ ነበረች፤ የሥራ ባልደረባዬ።

ጥሩዬ የዚያው አገር የጃናሞራ ልጅ፣ የመሪጌታ ልጅ ናት። ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። በትምህርት እኔ እበልጣታለሁ። የእኔ ጽሕፈት እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል ቀጥ ያለ ነው፤ የእሷ ማስታወሻ ደብተር ቅቤ ጠብ ብሎበት ገጹ እርስ በርሱ የተጣበቀ ነው። ታዲያ ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ የመጣች እናት፣ እኔ ብዕሬን ይዤ ተቀምጬ እያየችኝ፣ «ግዴለም፣ ጥሩዬን እጠብቃለሁ» ትልና ደጅ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። ጥሩዬ ኪሷ የገብስ ቆሎ አያጣውም፤ ሕፃናቱ ይከተሏታል። እኔም አንድ ቀን ቆሎ አስቆልቼ ኪሴን ሞልቼ ወጣሁ። ሕፃናቱ ከበቡኝ፤ ዘግነው ዘግነው ጨረሱልኝ። ከዚያ አፋቸውን እንኳ ሳይጠርጉ «ጥሩዬ የታለች?» አሉኝ።

ሰው ሲጸልይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል። ጥሩዬ አላጣችም።

አንድ ደንብ ነበረን። ማንኛውም ሕፃን በማንኛውም ምክንያት ደጃችን ከመጣ፣ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ከማን ጋር እንደመጣና ያለው ነገር በዕለቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከአዋቂ ጋር ከመጣም ለብቻው ገለል አድርገን እናነጋግረዋለን። ኃላፊያችን አቶ ታደሰ «ሕፃን የነገራችሁ ነገር የእናንተ አይደለም፤ አደራ ነው። ትንሽ ነው ትልቅ ነው ብላችሁ አትመዝኑት፤ ለሚመለከተው አድርሱ» ይሉን ነበር። ወሩ ሲያልቅ መዝገቡን ይገልጡና «ጥሩዬን ፈልጎ» የሚለውን ባዩ ቁጥር ፈገግ ይላሉ። ያ ፈገግታ ያቃጥለኝ ነበር።

ወሩ ጥር ነበር። ጥር ለአገሩ የሠርግ ወር ነው፤ ለእኛ ደግሞ የጭንቅ ወር። ሕጉ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለች ልጅ እንዳትዳር ይከለክላል፤ የዳራትም ያገባትም ይጠየቃል። ቢሆንም ጥር ሲገባ ከየትምህርት ቤቱ ሴት ልጅ ይጎድላል። በዚያ ላይ ጥሩዬ ወሩ ሲያልቅ ወደ ጎንደር እንደምትዛወር፣ የእሷንም ቀበሌዎች እኔ እንደምረከብ አቶ ታደሰ ነግረውን ነበር። በዚህም ቀናሁ። በገዛ ከተማዬ እሷ ልትኖር፣ እኔ እሷ አገር ብርድ ልጠጣ!

ረቡዕ የገበያ ቀን ነበር። ጥሩዬ ለአንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ደባርቅ ወርዳ፣ የምትመለሰው ዓርብ ነው። ደጅ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ መጣች። ከኋላዋ አንድ ጎልማሳ ጌሾና እህል የተጫነች በቅሎ ይስባል።

«እንዴት ዋላችሁ። እትዬ ጥሩዬ አለች?»

«ደባርቅ ናት። እኔ አለሁ፤ ምን ነበር? ግቢና ተቀመጪ።»

ልጅቱ ሰውየውን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ መሬቱን።

«ግዴለም። እንዲያው ጥሪ ነው። እሑድ የአያቴ ተዝካር ነው። ደብሬ ጠርታሻለች፣ እንዳትቀሪ ብላለች በይልኝ።»

ሰውየው ሳቀ። «ኧረ ተይ እቴ! ምነው ሰው ታደክሚያለሽ? መንገዱ ሩቅ፣ እሷ ሥራ ያላት ሰው።» ወደ እኔ ዞሮ «የወንድሜ ልጅ ናት። ልጅ ናትና አትስሟት፣ የኔ እመቤት» አለኝ።

«እንዳትቀሪ በይልኝ» አለች ልጅቱ ደግማ። በቅሎዋን ተከትላ ሄደች።

እዚያ አገር ጥሪ ሲነገር አጠገብ የቆመ ሰው አብሮ ይጠራል። «አንቺም ነይ» ማለት ወግ ነው፤ ባይመጣም ይባላል። ለእኔ ግን ማንም አላለኝም። ፊታቸው ቆሜ ዕቃ የሆንኩ መሰለኝ። ለብቻዋ ላናግራት ይገባኝ ነበር፤ አላናገርኳትም። ገብቼ መዝገቡን ገለጥኩ፤ ብዕሩንም አነሳሁ። «ጥሩዬን ፈልጋ» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ተዝካር ደግሞ ምን ጉዳይ ሆኖ ይጻፋል? አልኩና መዝገቡን ዘጋሁት።

ዓርብ ከሰዓት ጥሩዬ አቧራ ለብሳ ገባች። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ «ማን ፈለገኝ?» አለች።

«ማንም» አልኳት።

የደብሬ መንደር የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ያን ቀን ብነግራት ቅዳሜ በጠዋት ትደርስ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የመንደሩ አስተማሪ እየሮጠ መጣ። «ደብሬ ተዳረች። እሑድ ድንኳን ሲጣል ጠይቄ ተዝካር ነው አሉኝ። ሕጉ ከጠበቀ ወዲህ ሠርጉን ተዝካር፣ ማኅበር እያሉ ነው የሚደግሱት። እኔም ሞኝ ሆኜ አምኜ ተመለስኩ።»

«የማን ተዝካር ነው ያሉህ?» አለች ጥሩዬ።

«የአያቷ።»

«የአያቷን ተዝካር አምና እዚያው ተቀምጬ በልቻለሁ!» ብላ ብድግ አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ልጅቱ አጎቷ ዓይን ሥር ቆማ «ሊድሩኝ ነው» ማለት አትችልም። ስለዚህ የገዛ ዘመዶቿን ውሸት ይዛ፣ ውሸት መሆኑን ለምታውቀው ለአንዲት ሴት ላከችው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህን አሰበች። መልእክቱ የቀረው እኔ ዘንድ ነው።

አቶ ታደሰ ሁለታችንንም ከፖሊስና ከአንዲት ነርስ ጋር ላኩን። ገብሱ የታጨደበትን ማሳ እያቋረጥን ስንሄድ ጥሩዬ ከፊት ትሮጣለች ማለት ይቀላል። እኔ አፌን መክፈት ፈራሁ። ምናልባት ልጅቱ ረስታው ይሆናል፣ ምናልባትም እኔን አታስታውሰኝም እያልኩ እጸልያለሁ። ጸሎቴ ስለ ራሴ ነበር እንጂ ስለ እሷ አልነበረም።

ደብሬ በሙሽራው ወላጆች ቤት መደብ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። እጇ በእንሶስላ ቀልቷል። ጥሩዬ ፊቷ ተንበረከከች።

«ደብሬ።»

ልጅቱ ዓይኗን አላነሳችም። «ጠራሁሽ፤ ቀረሽ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ «ለዚች ነግሬያት ነበር። አልነገረችሽም?»

ጥሩዬ አንድ ጊዜ ዞራ አየችኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ወደ ልጅቱ ተመለሰች።

«ነግራኛለች» አለች። «የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ደብሬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለመሄድ ስንነሳ የያዘችው የእኔን እጅ ነበር።

በመመለሻችን ልጅቱ በቅሎ ላይ ሆና ከነርሷ ጋር ራቅ ስትል፣ ጥሩዬ ሳታየኝ ተናገረች። «አንቺን ላድን ብዬ እንዳይመስልሽ። እኔ ወሩ ሲያልቅ ሂያጅ ነኝ፤ እሷ የምትቀረው ካንቺ ጋር ነው። የምታምነው ሰው ያስፈልጋታል። ከሁለታችን አንዷ መጠላት ካለባት የምትሄደዋ ትጠላ።» ትንሽ ተራምዳ ደግሞ «ከእንግዲህ የሰማሽውን ጻፊ» አለችኝ።

ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ሌላ ነገር ነው። ቀናሁባት። እኔ የሕፃን ፍቅር ፈልጌ ያን ሁሉ አጠፋሁ፤ እሷ ግን ያላትን አውልቃ ለጠላቷ ትሰጣለች።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አጎትየው «ለሸጋ ቤት ነበር የዳርኋት፤ ሳልሞት ወግ ማዕረጓን ልይ ብዬ» እያለ አለቀሰ። ጋብቻው ፈረሰ። ሁለቱን ሌሊት ግን ያፈረሰ ዳኛ የለም። ደብሬ መካነ ብርሃን ከሚኖሩት አክስቷ ዘንድ ገባች፤ ክትትሉ የእኔ ሆነ። መዝገቡ ላይ ምንም ስላልነበረ እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ጥሩዬም ለአቶ ታደሰ አልተናገረችም፤ እንድናገር ለእኔ ተወችው። እኔም ተውኩት።

እነሆ ደብሬ የእኔ ሆነች። ፈተና ስታልፍ መጀመሪያ የምትሮጠው ወደ እኔ ነው፤ ሲከፋትም እኔ ጉያ ነው የምታለቅሰው። «አንቺ ባትመጪልኝ ኖሮ» ትለኛለች፤ እኔም አላርማትም። ከዓመታት በኋላ እኔና ደብሬም ጎንደር ገባን። ከጥሩዬ ጋር ቢሯችን ጎረቤት ስለነበር ሰው ወዳጆች እንመስለዋለን፤ ሰላምታችን ግን ከአንገት በላይ ነበር። መንገድ ላይ ደብሬ እሷን ስታይ ወደ ማዶ ትሻገራለች። ጥሩዬ ደግሞ ቆማ፣ ልጅቱ ከዓይኗ እስክትሰወር ታያታለች። አንድ ቀን እንኳ ጠርታ እውነቱን አልነገረቻትም።

ድንኳኑ ውስጥ፣ ሽማግሌው እንባቸውን ጠርገው ሲጨርሱ፣ ደብሬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እትዬ መሠረት፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ሲያነሳት ልቤ ራራ። እኔም ይቅር ብያታለሁ። አንድ ቀን ብትቀር ነው።»

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ደብሬ፣ አልነገርኳትም» አልኩ።

«ምኑን?»

«ጥሪውን። አልሰማችም ነበር። ለእኔ ነገርሽኝ፤ እኔ አላደረስኩም።»

ስትናገር የከተማዋ አስተማሪ ድምፅ ጠፍቶ የዚያች የደጋ ልጅ ድምፅ ወጣ።

«ምነው?»

ሌላ ምክንያት ፈለግኩ። አልነበረም።

«ቀንቼ» አልኳት።

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። እያለቀሰች ስትወጣ ሰዉ ለጥሩዬ ያዘነች መስሎት መንገድ ለቀቀላት።

ከዚያ ወዲህ አልደወለችልኝም። እኔም መደወል አልደፈርኩም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጥሩዬን መቃብር ልሳለም ብሄድ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ «አንዲት አስተማሪ በየሰንበቱ ትመጣለች። ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብላ ታወራታለች» አሉኝ። እንደ ልማዴ ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ በመቃብር ቀናሁ። ግን ምን እላለሁ? ልጅቱ መጀመሪያም የፈለገችው እሷን ነበር።