ኪሱ ያልተገለበጠ ሹራብ

የወሰዱኝ ከቢሮ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ የተማሪዎችን ውጤት የሚያትመውን ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሻዬን እንኳ አልጨረስኩም። ከሰዓት በኋላ ልደታ፣ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ፣ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች የታጎሩበት ክፍል በር ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ የታየኝ ከጣሪያው ሥር በተወጠረ ገመድ ላይ የተሰጣ እርጥብ ልብስ ነው። ውሃው በሴቶቹ ራስ ላይ ይንጠባጠባል። ማንም ቀና አትልም።

የክፍሉ ካቦ፣ እኛን እንድታስተዳድር የተሾመችው እስረኛ፣ እኩያዬ ናት፤ እንደኔው ፀጉሯ ሸብቷል። መኝታ የምታድለው፣ ጠዋት ጠዋት የጽዳት ተረኞችን ስም ዝርዝር የምትጽፈው እሷ ናት፤ ስትወጣም በር ላይ አትፈተሽም። ሥራዬን ጠየቀችኝና ነገርኳት። "እዚህ የሚበላሽ ኮምፒዩተር የለንም፤ ሽንት ቤቱ አጠገብ ተኚ" አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ።

የተሰጣው ልብስ የቀጠሮ ነበር። ፍርድ ቤት የምትቀርብ ሁሉ የራሷን ታጥባለች። ሳይደርቅላት ስሟ ይጠራል፤ ስትጨምቅ መኪናው ጥሏት ይሄዳል። ከዚያ ሌላ ቀጠሮ መጠበቅ ነው።

ይህን ችግር አውቀዋለሁ። የኮሌጁ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ተማሪ አዲስ ባዶ ቅጽ ማሽኑ ውስጥ ይፈጥርና አንዴ ተጠቅሞበት ይጥለው ነበር። ጊዜው የሚያልቀው በመፍጠርና በመጣል ነው። ስለዚህ ጥቂት ቅጾች አንዴ ተፈጥረው ዝግጁ ሆነው እንዲጠብቁ፣ ተራው የደረሰ ወስዶ፣ ሲጨርስ የተጻፈበትን አጥርቶ እንዲመልስ አደረግሁ። የሰዓታት ሥራ የደቂቃዎች ሆነ። አንድ ቀን ግን ማጥራቱን ረስቼ የአንዷ ተማሪ ውጤት በሌላዋ ስም ታትሞ ወጣ።

በክፍሉም እንዲሁ አደረግን። ሦስት ሹራብና ሦስት ነጠላ አዋጥተን በአንድ ፌስታል አስቀመጥን። የተጠራች ለብሳ ትወጣለች፤ ስትመለስ ኪሱን ገልብጣ ታስረክበኛለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀጠሮ ያመለጣት አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ካቦዋ ከፍርድ ቤት ተመልሳ ግራጫውን ሹራብ ወረወረችልኝ። ስለ ኪሱ ጠየቅኋት። "ገልብጫለሁ። ደግሞ ፈታሽ ሆንሽብን?" አለች። ወዲያው ከሁላችን ታናሿ ተጠራች። ስድስት ወር ያልሞላው ልጇን ቤት ጥላ የመጣች ናት፤ የዋስትናዋ ውሳኔ የሚነገረው በዚያ ቀን ነው። ፖሊሱ ያጣድፋል። ሳላይ አለበስኳት።

"እትዬ፣ ሰው መሰልኩ?" ብላኝ ወጣች።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ፖሊሶች ይዘዋት ተመለሱ። በሩ ላይ ሲፈትሿት ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት ወጥቷል፤ የስልክ ቁጥርና "ቤቱን ቶሎ ልቀቁ" የሚል አንድ መስመር። ዛሬ ፍርድ ቤት እንደማትሄድ፣ ወደ ምርመራ እንደምትወሰድ ነገሯት።

ወረቀቱን ዘርግተው አሳዩን። ጽሕፈቱን ሁላችንም በየጠዋቱ የስም ዝርዝር ላይ እናየዋለን። ወደ ካቦዋ ዞርኩ። ነጠላ እያጠፈች ነበር። ጫፉን ከጫፉ እያገጣጠመች፣ በእርጋታ። ሰው ይፈራል፤ ያ ይገባኛል። ያን ያህል አስተካክሎ ማጠፍ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ተነሣሁ። ሹራቡ የልጅቷ አለመሆኑን፣ ልብስ የማድለው እኔ መሆኔን፣ በዚያ ቀን ስንት ሰው እንደለበሰው ነገርኳቸው።

"ታዲያ ወረቀቱ የማን ነው፣ እማማ?"

"ሳልፈትሽ ያለበስኳት እኔ ነኝ። እኔን ጠይቁ።"

ከፌስታሉ ሌላ ሹራብ አወጣሁ። ሁለቱንም ኪሶች ፊታቸው ገለበጥኩ። ልጅቷን አለበስኳት፤ ቁልፉንም አንድ በአንድ ቆለፍኩላት። ተጠያቂ ስላገኙ አልከለከሉኝም። መኪናው ገና አልሄደም ነበር፤ ደረሰች። በዋስ ተፈታች። እኔ ሁለት ቀን ተመረመርኩ፣ አንድ ወር ጠያቂ ተከለከልኩ።

በቀደም ካቦዋን ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ጉንጬን ሳመችኝ። ያኔ ስሟን ስላላወጣሁ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ይቅር ያልኳት መስሏታል። አላልኳትም። ስሟን ያልሰጠሁት የምሰጠው ለማን እንደሆነ ስለማውቅ ነበር።