«ኦኻላ» ያለችው ሴትዮ

የስፓኒሽ ፊልም ወዳጅ ያደረገኝ ስህተት ነው። መካነ ሰላም ላይ ሞባይል የሚጠግነውን ሰውዬ የህንድ ፊልም ገልብጥልኝ ብዬ ፍላሽ ብሰጠው፣ በማላውቀው ቋንቋ የሚያወራ፣ ሙት ከቁም ሳጥን ውስጥ የሚያንኳኳበት ነገር ሞልቶ ሰጠኝ። ልመልስለት ብዬ ነበር። ግን አንዱን ከፈትኩና እስኪያልቅ ከወንበሬ አልተነሳሁም። የእነሱ ሙታን እንደ ሌላው አስፈሪ ፊልም ደም አይረጩም፤ ሳይናገሩት የቀረ ነገር አለና ይመጣሉ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ይላሉ። ዛፉ ያወራል፣ ዓሣው ሕፃን ያሳድጋል፣ ማንም አይገርመውም። ተረት ስሰማ አድጌያለሁና እኔንም አልገረመኝም። ፊልሞቹን የሠሩት ሰዎች የኛ ከተማ መኖሯንም አያውቁ፤ እኔ ግን አመሰግናቸዋለሁ።

ችግሩ ከምስሉ ሥር የሚሮጠው የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ የቀረውን በመዝገበ ቃላትና በራዲዮ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ። ግማሹን አነባለሁ፣ ግማሹ ያመልጠኛል፣ ያመለጠኝን ከራሴ እሞላለሁ።

ይህን አሞላሌን ከሁሉ አብልጠው የሚወዱልኝ ጎረቤቴ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው እናት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። እሑድ ከሰዓት፣ መብራት ካለ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ይመጣሉ። እኔ ስፌቴን ይዤ ፊልሙን እተርካለሁ፣ እሳቸው ድምፁን ያዳምጣሉ። ደሴ ሄደው ሞራው ቢገፈፍላቸው እንደሚያዩ ሐኪም ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን የቀረችኝን ጭላንጭል ቢያጠፉብኝስ እያሉ ሁለት ዓመት አሳለፉ። ልጃቸው ከአቀስታ እየተመላለሰ ቢለምናቸውም እሺ አላሉም።

አንድ እሑድ የሁለት እህትማማቾችን ታሪክ ከፈትን። ታናሽየዋን ከቤቱ ሥር ያለ ጨለማ ክፍል ወስዷታል፤ ታላቅየዋ ወርዳ ልታወጣት ነው። መብራት ግን መያዝ አትችልም፤ ጨለማው ብርሃን ካየ የወሰደውን አይመልስም። ደረጃው አፋፍ ላይ ቆማ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ «ኦኻላ» አለች።

እትዬ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። ጽሑፉን አነበብኩና ተስፋ አደርጋለሁ ነው ያለችው አልኳቸው።

«የለም፣ አላህን ነው የጠራች። ሰማሁ እኮ።»

ሳቅሁ። ይቺ እኮ አንገቷ ላይ መስቀል ያሰረች ስፔናዊት ናት፣ እትዬ፣ አልኳቸው።

«እናንተስ ማተብ አስራችሁ ኢንሻአላህ ትሉ የለ?»

ፊልሙ ሲያልቅ ስልኬ ላይ ፈለግሁት። ለካ ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ ሙስሊሞች ስፔንን ለረጅም ዘመን ሲገዙ እዚያው የቀረ፣ አላህ ቢሻ እንደማለት ያለ። ነገርኳቸው። ረታሁሽ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ወርዳ ተመለሰች ወይ?» አሉኝ።

አልተመለሰችም። በሩ ከኋላዋ ተዘግቶ ነው ፊልሙ ያለቀው፤ እሳቸው የሰሙት የበሩን ድምፅ ብቻ ነው። ፊታቸውን አየሁና ተመለሰች፣ እህቷን በእጇ ይዛ አልኳቸው።

በማግስቱ ለልጃቸው አስደወሉኝ፤ ደሴ እንዲወስዳቸው።

እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። በውሸት ፍጻሜ ደፍረው የሄዱት ሴት ጭላንጭላቸውን አጥተው ቢመለሱ፣ ምን ብዬ ደጃቸውን እረግጣለሁ? መርፌው እጄን ስንቴ ወጋኝ።

ሲመለሱ የአንዱ ዓይናቸው ሞራ ተገፍፎ ነበር። ከሚኒባሱ ወርደው፣ ማንም ሳይዛቸው ወደኔ መጡና ትኩር ብለው አዩኝ። ድምፅሽ ከፊትሽ በዕድሜ ያንሳል ለካ አሉኝ። ሳቅሁም፣ አለቀስሁም።

ከዚያ ያን ፊልም በዓይኔ ካላየሁ አሉ። ፍላሹ ጠፋ እያልኩ ሁለት እሑድ አታለልኳቸው። በሦስተኛው ከፈትኩት። እህትየዋ ወረደች፣ በሩ ተዘጋ። ስፌቴ ላይ አቀርቅሬ ጠበቅሁ።

«አልወጣችም» አሉ እትዬ።

አልወጣችም፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

«ለምኑ? ያን ቀን እውነቱን ብትነግሪኝ ኖሮ እስካሁን ግድግዳ እዳብስ ነበር። አላህ ይስጥሽ።»

ሻርፓቸውን አስተካከሉና ሌላ እንድከፍት በእጃቸው አሳዩኝ። ይኸኛውን ግን እንዳልተርክላቸው፣ ራሳቸው እንደሚያዩት አስጠነቀቁኝ።