አስመሳይ ያለኝ ሰውዬ

ቂም እይዛለሁ። ይህን መጀመሪያውኑ ልናገር፤ ኋላ ላይ ደግ ሴት መስዬ ከታየሁ ማንም እንዳይሳሳት። የያዝኩትም በአንድ ሰው ላይ ነው፤ አሰላ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ኃላፊያችን በሆነው ሰውዬ ላይ። ምክንያቱ አንዲት ቃል ናት። የጻፋት እሱ ነው፤ መዝገብ ቤት የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ግን ተቀብዬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ የገዛ ማህደሬ ውስጥ ያስገባኋት እኔው ራሴ ነኝ።

ከወሎ ተመድቤ ስመጣ ጤነኛ ነበርኩ። ሕመሙ የጀመረኝ አሰላ በገባሁ በስድስተኛው ዓመት ነው። መጀመሪያ አንገቴን፣ ቀጥሎ ትከሻዬን፣ ከዚያ ወገቤንና ዳሌዬን እያለ በመጨረሻ የሚያመኝን ከመቁጠር የማያመኝን መቁጠር ቀለለኝ። ተኝቼ ስነሳ ስደበደብ ያደርኩ ይመስለኛል። ብርድ ልብሱ ይከብደኛል። ሰው ትከሻዬን መታ አድርጎ እንዴት አደርሽ ሲለኝ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ደሜ ታየ፣ ራጅ ተነሳሁ፤ መልሱ ሁሌ ምንም የለሽም ነው። ሰው በሽታ እንዲገኝበት ይጸልያል? እኔ ጸልያለሁ።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም እዚህም እዚያም በአውራ ጣቷ ጫን እያደረገች ካስጮኸችኝ በኋላ ስሙን ነገረችኝ፤ ፋይብሮማያልጂያ። አይገድልሽም፣ ጨርሶም አይለቅሽም አለችኝ። መፍትሔው ሙቅ ውሃ፣ ለስላሳ መታሸት፣ ቀስ ያለ እንቅስቃሴና እንቅልፍ ነው። ለመታሸቱ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ እንዲፈቀድልኝ ወረቀት ጻፈችልኝ። ስም ያለው በሽታ አገኘሁ ብዬ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ሰውዬው ወረቀቱን ተቀብሎ ሲያነብ ረጅሙ ቃል ላይ ሲደርስ ተደናቀፈ። ፋይበር አለና ቆመ። ቀና ብሎ የኢንተርኔቱ ነው እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። የቀለደ መሰለኝ፤ ትንሽ ፈገግ አልኩለት። ለዚያች ፈገግታ እስከ ዛሬ ራሴን አልማርኩም። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ "እህታችን ፋይበሯ ተቆርጧል፤ እስኪቀጠል ታገሷት" አለ። ሳቁ። አብሮኝ ምሳ የሚበላው ሁሉ ሳቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜ ፋይበር ሆነ። ማህደር ዘግየት ካለ ዛሬ ኔትወርክ የለም ይባላል። ረቡዕ ከሰዓትን ግን አልፈቀደልኝም።

እኔም ሳይፈቀድልኝ ሄድኩ። መጀመሪያ የሄድኩበት ወጌሻ፣ ጎማ የሚነቅል ይመስል አሸኝና ሦስት ቀን አስተኛኝ። ከዚያ ከመናኸሪያው ጀርባ የምትኖር አንዲት አሮጊት ጠቆሙኝ። እማማ ነበር የምላት። አማርኛዋ ከኦሮምኛ ጋር የተሠፋ ነው፤ አጥብቃ የምትደጋግማት ቃልም አንድ ናት፤ ሱታ፣ ቀስ ማለት ነው። እግሬን ሳፋ ውስጥ ለብ ባለ የጨው ውሃ ትነክራለች፤ በሙቅ ውሃ የተጨመቀ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ታለብሰኛለች፤ ሰውነቴ ሲፈታ ቅቤ በመዳፏ አቅልጣ፣ በጣት ሳይሆን በመዳፍ ሥጋዬን ታባብላለች። እኔ ጠንከር አድርጊው ስላት ሱታ ትለኛለች። የተቆጣ ሥጋ ሲጫኑት ይብስበታል ብላ አስረዳችኝ። ከእሷ ቤት ስወጣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን፣ ሰው ሆኜ እውላለሁ።

በራሴ እጅ እንዴት እንደማደርገውም አስተማረችኝ፤ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። በሁለቱ ትከሻዎቼ መካከል፣ አከርካሪዬ ላይ፣ ከላይም ከታችም እጄ የማይደርስበት ቦታ አለ። ለዚህ ቦታ ሰው ያስፈልግሻል አለችኝ። ሰው አልነበረኝም። የኪራይ ክፍሌ ውስጥ ከእኔ ሌላ ያለው ግድግዳው ነው። ትንሽ ኳስ ካልሲ ውስጥ ከትቼ፣ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ኳሱን በጀርባዬ ላይ ማንከባለል ለመድኩ።

ደብዳቤው የመጣው በሦስተኛው ረቡዕ ማግስት ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። "በሽታ በማስመሰል የመንግሥት የሥራ ሰዓት ስላባከኑ" ይላል። ሲሰድበኝ አንቺ ነበር የሚለኝ፤ ደብዳቤው ላይ ግን አንቱ ተባልኩ። ግርጌው ላይ ግልባጭ ለአምስት ክፍል። አምስቱንም ግልባጭ አዙሬ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነዋ። ዋናውን ማህደሬ ውስጥ አስገብቼ በገዛ እጄ ገጽ ሃያ ሦስት ብዬ ጻፍኩበት። ከማህደር ገጽ አይቀደድም፤ ቁጥሩ ይዘላል፣ ያስጠይቃል። ስለዚህ በማስመሰል የምትለዋ ቃል ጡረታ እስክወጣ አብራኝ ልትኖር ሆነ። ያን ቀን ይህችን ቃል እሱ ራሱ ካልሻራት አልሞትም ብዬ ማልኩ።

ሦስት ዓመት ጠበቅኩት፤ እማማም በመካከሉ አርፋ ከኳሱና ከግድግዳው ጋር ብቻዬን ቀረሁ። አንዳንድ ቀን ከመደርደሪያው የራሱን ማህደር አውርጄ እመዝነዋለሁ፤ ምንም አላደርገውም፣ ሲከብድ ደስ ይለኛል እንጂ። እሱ በረንዳው ላይ ሲያልፍ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፤ ቀጥ ማለቱ ምን ያህል እንደሚያመኝ እንዳያይ ብዬ። ክረምት ሲገባና ከጭላሎ ተራራ ብርዱ ሲወርድ ይብስብኛል፤ የዚያን ጊዜ ቂሜም አብሮ ይከርማል።

አንድ ቀን መዝገብ ቤት ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። ባለቤቱ ታማለች። ከዓመት በላይ ሆኗታል፤ አዳማም አዲስ አበባም ወስዷታል፤ አሁን ሐኪሞች ስሙን ነግረዋቸዋል። ሙቅ ውሃና ማሸት ብለዋል፣ እንዴት እንደሆነ ግን ማንም በወጉ አላሳያቸውም። ይህን ሁሉ የነገረኝ መደርደሪያውን እያየ ነው። ከዚያ፣ "እርስዎ ያውቁታል ብዬ ነው" አለኝ። እርስዎ አለኝ፤ በአፉ፣ ያለ ደብዳቤ። የበሽታውን ስም እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ፋይብሮማያልጂያ አለ፣ አንዲት ፊደል ሳይስት። በሽታው ቤቱ ገብቶ አስተምሮታል።

መልሴን ለሦስት ዓመት ሳዘጋጀው ስለነበር አልተንተባተብኩም። ማስጠንቀቂያውን የሚሽር ደብዳቤ ይጽፋል፤ የበሽታው ስም በሙሉ ይሰፍርበታል፤ ግልባጩም ለእነዚያው ለአምስቱ ክፍሎች ይሄዳል። እንዲህ ያለ አሠራር የለም አለኝ። "እንግዲያው ባለቤትዎ ፋይበሯ እስኪቀጠል ትታገስ" አልኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

በሁለተኛው ቀን ደብዳቤው መጣ። ገጽ ሠላሳ አንድ። ስሙ በትክክል ተጽፏል፤ ማስጠንቀቂያው በስህተት የተሰጠ መሆኑ ተገልጿል። አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ ግልባጮቹን አዞርኩ። ከዚያ ማህደሩን ገልጬ ሳይ ገጽ ሃያ ሦስት እዚያው አለች፤ በማስመሰል ትላለች። ወረቀት ለወረቀት ተካካስን፤ የሳቁት ሰዎች ሳቅ ግን ግልባጭ የለውም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤታቸው ስሄድ አሁንም ቂሜን እንደያዝኩ ነበር የሄድኩት።

እውነቱን ልናገር፤ መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚሻላት ብዬ ልነግራቸው አሰብኩ። በአሰላ ብርድ፣ በቀዝቃዛ ውሃ። እሷ ስትጮህ እሱ ሲያይ። ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ሰይጣን ነው አልልም።

ገብቼ ሴትየዋን አየኋት። የሮቤ ልጅ ናት፣ በዕድሜ እኩያዬ። ጀርባዋ መደገፊያውን እንዳይነካ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋ ትከሻዋን እንዳይጫን ወደ ክንዷ ወርዷል። ልጨብጣት እጄን ስዘረጋ ጣቶቿን ብቻ አቀበለችኝ። እኔም ሰው የምጨብጠው እንደዚያ ነው። ሙቅ ውሃ ያምጡ አልኩት።

እሷን ማርኩ፤ እሱን አልማርኩም። ሴት ልጃቸው ቤት ውስጥ ነበረች፣ ልታሻት ትችል ነበር። ይህ በባል እጅ ካልሆነ አይሠራም አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። ውሃውን እሱ ራሱ ይቀዳል፣ እሱ ራሱ ያሞቃል፤ ከሥራ መልስ በየቀኑ፣ ተንበርክኮ፣ ግማሽ ሰዓት። ጉልበቱ ሥር ትራስ ሊያደርግ ሲል ትራስ አይሆንም፣ ሙቀቱን ይወስደዋል አልኩት። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝና ከንፈሯን ነከሰች። ከነክራባቱ ተንበረከከ። ከላዩ ቆሜ፣ "ቀስ። እንደሱ አይደለም። ይድገሙት" አልኩ። አራት ጊዜ አስደገምኩት። በአራተኛው እሷ ዓይኗን ጨፈነች፤ ትከሻዋ ወረደ። ቤቴ ስገባ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የምግብ ፍላጎቴ ተከፍቶ በላሁ።

ሰፈሩ ሁሉ አየው። ኃላፊው በቢሮ ሱሪው ጀሪካን ተሸክሞ ከቦኖ ሲመለስ፣ ግቢ ውስጥ ምድጃ ሲያራግብ። ወሬው መሥሪያ ቤት ደርሶ ሰዎች ሳቁ። እኔ ብቻ ሳልስቅ ማህደሮቹን ደረደርኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ሴትየዋን ገበያ አገኘኋት። ትራመዳለች፤ ዘንቢሏን ራሷ ይዛለች። እጁ ለመደ አለችኝ፤ አሁን ሳልነግረው ቦታውን ያገኘዋል አለችኝ። ለጠላቴ ሚስት የሰጠኋት ነገር እኔ ራሴ የሌለኝ ነገር ነው። ሐሳቤን ያነበበች ይመስል፣ "አንቺንስ ማን ያሽሻል?" አለችኝ። ግድግዳው አልኳት። አልሳቀችም።

በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት የቤቴ በር ተንኳኳ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ አላባራም፣ የእኛ ሰፈር ውሃም ከሄደ አራት ቀኑ። እሷ ቅቤ በብርጭቆ ይዛ ቆማለች፤ ከኋላዋ እሱ ጀሪካን ተሸክሞ። "እዚያ አስቀምጠው" አልኩት። ያስቀምጡት አላልኩትም። አስቀመጠው። እሷን አስገብቼ በሩን ዘጋሁበት።

ውሃውን አሞቅን። ፎጣውን አለበሰችኝ፤ ከዚያ መዳፏን ጀርባዬ ላይ አኑራ፣ ሳትጠይቀኝ፣ ያን ቦታ አገኘችው። ለስንት ዓመት ኳስና ግድግዳ ብቻ የነኩትን ቦታ። አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ሱታ፣ ሱታ ትላለች ለራሷ። ስትጨርስ ውጭ ከጣራው ጠርዝ ሥር ሰውዬው ሲያስል ተሰማኝ። ክንዴን ዘርግቼ እዚህም አልኳት። እዚህም አልኳት ቀጥሎ፣ ወደ ቅልጥሜ እያሳየሁ።

እጇ ቆመ። ይህ በሽታ ያለባት ሴት የት እንደሚያምና የት እንደማያም ታውቃለች። "እዚህማ አያምሽም" አለችኝ።

"አያመኝም" አልኳት። "እያስመሰልኩ ነው።"

ወደ በሩ ጆሮዋን ሰጠች። ዝናቡ ጠንክሯል፤ ሰውዬው አሁንም ያስላል። "ሐኪሙ ስሙን እስኪነግረው ድረስ እኔንም ዓመት ሙሉ አስመሳይ ሲለኝ ነበር" አለች። ከዚያ እጇን ሙቅ ውሃው ውስጥ ነክራ ሌላኛውን ክንዴን ተቀበለችኝ።

"ሱታ ነው እንግዲህ" አለች፤ "እሱ እዚያው ይቁም።"