አድ ሃሎም ጣቢያ ላይ የተሰማው ድምፅ

በቀደም እስራኤል አገር አሽዶድ ከተማ፣ አድ ሃሎም ባቡር ጣቢያ ተቀምጬ አንድ ድረ ገጽ ክላውድ የሚሉት የኢንተርኔት ኮምፒውተር ላይ ለመጫን እታገል ነበር። የጎንደር አዛውንቶች ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ የሚሰማበት ነው። ማታ ሊመረቅ ነው፤ የእኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ክላውድ ላይ ሲወጣ ግን ድምፅ የለውም።

አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ፣ "ምን ሆነሽ ነው ልጄ?" አሉኝ።

"ፕሮግራሙን ከነጓዙ ኮንቴይነር በሚሉት ጥቅል አድርጌ ሩቅ ወዳለ ኮምፒውተር ልኬ ነበር፣ አባባ። ድምፆቹን ረስቻቸው ኖሯል።"

"እኛስ ወደዚህ ለመምጣት በእግራችን ወደ ሱዳን ስንነሣ ስንቱን ትተን ወጣን" አሉ።

ድምፆቹን ጨምሬ እንደገና ላክሁት። ለመሞከር አንዱን ስከፍት፣ አያቴ በልጅነቷ ወንዝ ዳር ይጫወቱት ስለነበረው ጨዋታ እየሳቀች ስታወራ ተሰማች።

ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። "ይቺ ጥሩዬ ናት። ታጭታልኝ ነበር፤ በስደቱ መንገድ ተጠፋፋን። በሕይወት አለች?"

እዚያው አሽዶድ፣ ሮቫ ቫቭ የሚባል ሰፈር ላለችው አያቴ ደወልሁና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ሰጠኋቸው። ስማቸውን ነገሯት።

ከዚያ፣ "እስካሁን የት ቆየህ?" አለች።