ከምንጩ በላይ የቆሙት ዝግባዎች

ጉዳዩ ያስወጣኝ አንድ ውሸት ነው። ሌላ ወጪ የለብኝም፤ የመኪናው ናፍጣ እንኳ የመንግሥት ነበር።

ያኔ ነጌሌ ላይ ማርና ሣንቃ እነግድ ነበር። ማሩን የሚያቀርቡልኝ ወደ ክብረ መንግሥት ሲወጣ ባለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ የሚኖሩ አንድ የጉጂ ሽማግሌ ነበሩ። ወንዞቻችን የሚነሡት ከዚያ ደን ነው። የሽማግሌው ቤተሰብ አንዱን ምንጭ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ይጠብቃል። ዝናብ ሲዘገይ የአገሩ ሰው እዚያ ተሰብስቦ ይለምናል፤ በዙሪያው መጥረቢያ አይነሣም። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ከምንጩ በላይ ስንት ዝግባ እንደቆመም አውቃለሁ፤ ስንቴ በዓይኔ ሰንጥቄ ደርድሬዋለሁ።

ደኑ ብሔራዊ ፓርክ ሊሆን ነው ተባለና ወሰን የሚያሰምሩ ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ መጡ። የአገሬው ባህል ያለበትን ቦታ ጠይቀው ወሰኑ ውስጥ ያስገባሉ። አስተርጓሚያቸውን ወባ ጥሎት ነጌሌ ቀርቷል፤ እኔ ማሬን ልቀበል በመኪናቸው ተሳፍሬ አብሬያቸው ወጥቻለሁ። ሽማግሌው ደግሞ አማርኛ አይሰሙም።

«ልጄ አለ አይደል፤ አፌ እሱ ነው» አሉ እኔን እያሳዩ። ከምንጩ ዳር ለምለም ሣር ነጭተው እጄ ላይ አኖሩ። በእነሱ ደንብ ለምለም ሣር የያዘ ሰው አይዋሽም።

ብዙ ተናገሩ። ምንጩን፣ ዛፎቹን፣ እስከ ጉብታው ድረስ በበትራቸው እየጠቆሙ። ሲጨርሱ ባለሙያው ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አሉ?»

«ቀፎ የሚሰቅሉበት ነው፤ ማር ይቆርጡበታል።»

«ይሄን ሁሉ አውርተው?»

«ስለ እያንዳንዷ ንብ ነው የነገሩን።»

ባለሙያዎቹ ሣቁ። ሽማግሌውም ደስ ብሏቸው አብረው ሣቁ።

«ገባቸው፣ ልጄ?» አሉኝ በኦሮምኛ።

«ገብቷቸዋል፣ አባ።»

ወሰኑ ምንጩን ወደ ውጭ ትቶ አለፈ። ዝግባዎቹን በሌላ ሰው ስም አስቆረጥኳቸው። ሽማግሌው ሱቄ ድረስ መጡ፤ አልተቆጡም።

«እነዚያ ሰዎች ከዱን» አሉኝ። «አንተ ግን ደክመህልናል።» ከዚያ ቆመው መረቁኝ።

አሜን አልኩ።

ደኑ ዛሬ ፓርክ ነው። ምንጩ ደርቋል። ሣንቃው ተሸጧል። ሽማግሌው ሞተዋል፤ እውነቱን አልነገርኳቸውም።